የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ግብፃዊው መምህርስ ለተማሪዎቹ ምን ይላል?»

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲመኝ ኖሮ ሳይሳካለት አረፈ። እኔም የእርሱን ዳዊት ይዤ ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ በዓል ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለአባቴ ስል ብቻ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጸሎቴ ከአፌ የማያልፍ ሆኖብኝ ስለነበር፣ እዚያ ብደርስ የጠፋብኝን አገኛለሁ የሚል ተስፋ ነበረኝ። ዴር ሡልጣን ገዳም ስደርስ ግን ያየሁት የእኛና የግብፅ መነኮሳት በአንድ በር አጠገብ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ፣ ፖሊስም መሀላቸው ሲገባ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንኳን የጠፋው ሊገኝ የነበረኝም ተወስዶብኛል።

ተመልሼ ስለ ጉዞዬ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ቦታው ግን የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳላመነታ «የእኛ ነው» አልኳት። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ተነሥቶ «ግብፃዊው መምህርስ ለተማሪዎቹ ምን ይላል?» አለኝ። ደወል ስለተደወለ ሳልመልስለት ወጣሁ፤ እስከ ዛሬም አልመለስኩለትም። በመምህርነቴ ተሳስቻለሁን? ደግሞስ ሰዎች እንዲህ የሚጣሉበትን ቦታ ቅዱስ ነው ብዬ እንዴት ልጸልይ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ሁለት አድርገው ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ሳነባቸው አንድ ሆኑብኝ። ልጁ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ የጠየቀው፣ እርስዎ በዚያ ጣሪያ ላይ ቆመው በልብዎ የጀመሩትንና ከፍርሃት የተነሣ ያልጨረሱትን ጥያቄ ይመስለኛል። ስለዚህ በልጁ ልጀምር።

ቦታውን ላላዩ አንባቢያን ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ዴር ሡልጣን የሚገኘው በጎልጎታ፣ በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካለችው የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ነው። በግቢው መካከል ብቅ ያለችው ጉልላት ከታች ላለችው ጸሎት ቤት ብርሃን ታስገባለች፤ በዙሪያዋም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባቸው፣ በራቸው ዝቅ ያለ፣ የአባቶቻችን በዓቶች ተደርድረዋል። በአንድ ወገን ሁለት ጸሎት ቤቶች አሉ፤ ከላይ አርባዕቱ እንስሳ፣ ከታች ቅዱስ ሚካኤል። ከጣሪያው ተነሥቶ በሁለቱ ጸሎት ቤቶች በኩል አልፎ በጠባብ ደረጃ የሚወርድ ሰው በቀጥታ ወደ ቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን የፊት አደባባይ ይደርሳል። የክርክሩ ሥር ይህ መተላለፊያ ነው፤ የሁለቱን ጫፍ ቁልፍ የያዘ መንገዱን ይዟልና።

የእኛ ወገን የሚለውን እርስዎ ያውቁታል። አባቶቻችን በመካከለኛው ዘመን በኢየሩሳሌም ይኖሩ እንደነበር የሌላ አገር ተጓዦች ሳይቀሩ ጽፈዋል፤ በራሱ በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ይዞታ ነበራቸው። በኦቶማን ቱርኮች ዘመን ግብሩ ከዐቅማቸው በላይ ሆኖ ያን አጡ፤ ጣሪያው ቀረላቸው። እ.ኤ.አ. በ1838 ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን ፈጀ፤ መዛግብታቸውም በእሳት ጠፉ። በሽታው እንዳይዛመት ነው የሚሉ አሉ፤ የእኛ አባቶች ግን የባለቤትነት ማስረጃችን ሆን ተብሎ የጠፋው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ የጸሎት ቤቶቹ ቁልፍ በግብፆች እጅ ገባ። መነኮሳቱ ግን አልወጡም። በብርድም በሐሩርም፣ ያለ ቁልፍም ቢሆን፣ ትውልድ ትውልድን እየተካ እዚያው ጸለዩ።

አሁን ግብፃዊው መምህር ይናገር። እንዲህ የሚል ይመስለኛል፦ «ገዳሙ የእኛ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ይዞታ ባጡ ጊዜ ያስጠጋናቸው እኛ ነን። ቤተ ክርስቲያናቸው ከአባ ሰላማ ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል ጳጳስ የምትቀበለው ከእስክንድርያው መንበረ ማርቆስ ነበር፤ ስለዚህ ያኖርናቸው እንደ ልጅ ነው፤ ልጅ በአባቱ ቤት መኖሩ ግን ቤቱን የእርሱ አያደርገውም። ቁልፉ ከመቶ ዓመት በላይ በእጃችን ቆይቷል። በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1970) በትንሣኤ ሌሊት መነኮሳታችን ለጸሎት ወደ ታች በወረዱበት ሰዓት፣ የእስራኤል ፖሊስ ባለበት፣ የበሮቹ ቁልፍ ተለወጠብን። በማግሥቱ ዓመት የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ራሱ ቁልፉ ይመለስላቸው ብሎ ወስኗል፤ እስከ ዛሬ ግን አልተመለሰልንም።»

ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ እንዳይመስልዎት። ስለ ትንሣኤው ሌሊትና ስለ ፍርድ ቤቱ የተነገረው የሆነ ነገር ነው፤ ልንክደው አንችልም። ግን ውሳኔውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል፤ መምህርም እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ፍርድ ቤቱ ቁልፉ ይመለስ ያለው፣ በይዞታ ላይ ያለን ሰው ማንም በራሱ እጅ ሊያስለቅቀው አይገባም በሚለው መርሕ ነው። ገዳሙ የማን ነው የሚለውን አልዳኘም። በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው ድንጋጌ የቅዱሳት መካናትን ክርክር ከፍርድ ቤቶች ሥልጣን ያወጣ በመሆኑ፣ ዋናውን ጥያቄ ለመንግሥት ተወለት፤ መንግሥት ጉዳዩን እስኪያይም ትእዛዙ ሳይፈጸም እንዲቆይ ፈቀደ። መንግሥትም ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይወስን ቆይቷል። እንግዲህ «ፍርድ ቤት ፈርዶልናል» የሚለው ግብፃዊም «ፍርድ ቤቱ ምንም አላለም» የሚለው ኢትዮጵያዊም ለተማሪዎቹ ግማሹን ነግሯል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ተማሪዎችዎ ሊረዱት የሚገባው «ስታተስ ኮ» የሚባለው ሥርዐት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ነገሩ ባለበት ይርጋ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 የኦቶማኑ ሡልጣን ባወጣው ፈርማን በሚባል ትእዛዝ የጸና ሲሆን፣ በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን የሚኖሩት ስድስቱ ማኅበረሰቦች፣ ማለትም ግሪኮች፣ ካቶሊኮች፣ አርመኖች፣ ግብፆች፣ ሶርያውያንና እኛ፣ እስከ ዛሬ የሚተዳደሩበት ነው። በዚህ ሥርዐት ባለቤትነት የሚገለጠው በወረቀት ሳይሆን በሥራ ነው። ደረጃውን የሚጠርግ፣ መብራቱን የሚሰቅል፣ የፈረሰውን የሚጠግን ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። መጥረጊያ ማንሣት የይገባኛል ጥያቄ ማንሣት ይሆናል። ሰው ይህን ሳያውቅ ወደዚያ ሲሄድ መነኮሳት በምናምንቴ ነገር የሚጣሉ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በክረምት አንድ ግብፃዊ መነኩሴ ፀሐይ ሲበረታበት ወንበሩን ወደ ጥላ በማዛወሩ በተነሣው ጠብ 11 መነኮሳት ተጎድተው ሐኪም ቤት ገብተዋል። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ከቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ጣሪያ ድንጋይ ወድቆ ጥገናው ግድ ሆነ፤ ሆኖም ማን ይጠግን በሚለው ላይ መስማማት ስላልተቻለ ከዓመት በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች ሥራውን ሲጀምሩ የግብፅ መነኮሳት በር ላይ ቆመው ተቃወሙ፤ ፖሊስም በኃይል አነሣቸው። ከእነዚያ መነኮሳት አንዱ መሬት ላይ ተይዞ የሚታይበትን ሥዕል አይቼ፣ በእኛ ወገን ቆሜም ቢሆን፣ አፍሬአለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። «የእኛ ነው» ማለትዎ ውሸት አይደለም፤ ያመኑትን ተናግረዋል። እኔም ከተጠየቅሁ፣ አባቶቻችን በዚያ ቦታ የመኖርና የመጸለይ መብታቸው የማይነካ ነው፤ የቁልፉ ጉዳይ ግን ብዙዎቻችን ከምንናገረው በላይ የከበደ ነው እላለሁ። ነገር ግን ተማሪዋ የጠየቀችው መምህሩን ነበር፤ የመለሰላት ግን ተሳላሚው ነው። ስሕተቱ፣ ስሕተት ከተባለ፣ ይኸው ነው። እኔም ሠርቼዋለሁና በድፍረት እናገራለሁ። በማስተማር ዘመኔ፣ ስለ ሌላ ክርክር፣ የአንዱን ወገን ነገር ብቻ በሚያምር ቋንቋ ተናግሬ ጨረስኩ። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ቤተሰቦቿ ከሌላው ወገን የሆኑ አንዲት ተማሪ ግን፣ በየቀኑ እጇን የምታወጣ የነበረች፣ ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አውጥታ አላየኋትም። ያን ጊዜ አላስተዋልሁም፤ ያስተዋልሁት የዓመቱን የተሳትፎ ነጥብ ስሞላ፣ ከስሟ ትይዩ የምጽፈው ሳጣ ነው።

ስለዚህ ወደ ክፍሉ ይመለሱና ልጁን በስሙ ጠርተው ጥያቄው ትክክለኛ እንደነበር፣ ሳይመልሱለት መቆየትዎም ስሕተት እንደነበር በሁሉም ፊት ይንገሩት። ከዚያ ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉና አንዱ የእኛን፣ ሌላው የግብፆቹን ነገር አዘጋጅቶ ያቅርብ፤ በሳምንቱ ደግሞ ቦታ ይለዋወጡ። ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፦ ማንም የራሱን መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃራኒውን ሐሳብ ባለቤቱ ቢሰማው «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» በሚልበት አኳኋን ይድገመው። ይዞታና ባለቤትነት፣ የመጸለይ መብትና የመጠገን መብት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ራሳቸው ይደርሱበታል። በመጨረሻ «መምህር፣ እርስዎስ?» ብለው ከጠየቁዎት አይሽሹ፤ የሚያምኑትን ይንገሯቸው። ሁለቱን ወገን ከሰሙ በኋላ የሚሰሙት የመምህር እምነት አያፍናቸውም።

ይህ ወደ ጸሎትዎ ያመጣኛል። እኔም ከብዙ ዓመት በፊት ተሳላሚ ሆኜ በዚያ ጣሪያ ላይ ጥቂት ማለዳዎችን አሳልፌአለሁ። ግብፆቹ በግቢው ውስጥ የይገባኛል ምልክት አድርገው አንድ መነኩሴ በወንበር የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው። በአንደኛው ማለዳ አንድ አረጋዊ አባታችን ጎንበስ ብለው ከበዓታቸው ወጡ፤ ዳዊታቸውን በብብታቸው ይዘዋል፤ የማኅደሩ ቆዳ ከመነካት ብዛት እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። ግድግዳውን ተደግፈው ሊጸልዩ ከተቀመጡ በኋላ ቀና ብለው ባዶውን ወንበር ተመለከቱ፤ ዳዊቱን ሳይገልጡትም ቆዩ። «ዛሬ አልመጣም» አሉኝ ወደ እኔ ዞር ብለው፤ «ትናንትም ያስለው ነበር። ምን ነክቶት ይሆን?» እኚያ አባት በመብታችን ጉዳይ ፍንክች የሚሉ አልነበሩም፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስለ ቁልፉ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ከድንጋዩ ይልቅ የጠነከረ ነበር። ግን ባለጋራቸው እንደሚያስለው ያውቁ ነበር።

ይህን የምነግርዎ ጠቡን ላሳምርልዎ ብዬ አይደለም። እርስዎ በአንድ ቀን ያዩት ጩኸት የዚያ ቦታ ሙሉ ሕይወት እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው፤ ተሳላሚ ለሳምንት ይደርሳል፣ እነርሱ ግን ዕድሜ ይፈጁበታል። ደግሞ አንድ ነገር ያስተውሉ። አባትዎ ኢየሩሳሌምን ሳያዩ ስላረፉ፣ የተመኟት ከተማ ጠብ አልነበረባትም፤ እርስዎ የወረሱትም ያችን ነበር። ሄደው ያገኙት ግን ድንጋይ ያላትን፣ ቁልፍ ያላትን፣ ፖሊስ የሚገባባትን ነው። የተወሰደብዎ ነገር ካለ የአባትዎ ምኞት ሥዕል ነው፤ ሐዘኑም እውነተኛ ሐዘን ስለሆነ አልቅሰው ሊሸኙት ይገባል። የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ፤ እንዲህ ያለው ነገር በመጽሔት ዓምድ ብቻ አያልቅም።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ሳምራዊቷ ሴት ጌታን የጠየቀችው ስለ አከራካሪ ቦታ ነበር፤ የሚሰገደው በዚህ ተራራ ነው ወይስ በኢየሩሳሌም? መልሱን እንደገና ያንብቡት። ክርክሩ ከንቱ ነው ብሎ አላለፈውም፤ ማን የሚያውቀውን እንደሚያመልክ በግልጽ ነገራት። ከዚያ በኋላ ግን ከሁለቱም ቦታዎች ወደሚያልፍ ስግደት ወሰዳት። የመምህር ሁለት ሥራ፣ እውነቱን መለየትና ሰውዬውን አለመጣል፣ በዚያ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ በአንድ ንግግር ተፈጽሟል።

ለጊዜው ጸሎት ከልብዎ አልወጣ ካለ፣ ከአባትዎ ዳዊት 121ኛውን መዝሙር ይድገሙ። ወደ እግዚአብሔር ቤት እንሂድ ባሉኝ ጊዜ ደስ አለኝ ብሎ ይጀምራል፤ አባትዎ ይህን ቁጥር ስንት ጊዜ እንደደገሙት እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ነገር ግን በደስታው አያበቃም፤ ስለ ወንድሞቹና ስለ ባልንጀሮቹ ሲል ለኢየሩሳሌም ሰላምን ይለምናል። ሰላም ላላት ከተማ ማንም ሰላም አይለምንላትም። ዳዊትን ይዘው የሄዱባት ከተማ ያን ጊዜም ይህችው ነበረች።

ጥያቄ፦ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። የጎልጎታን ቤተ ክርስቲያን በር የሚከፍቱት ሙስሊሞች ናቸው ሲባል ሰምቼ ለልጆቹ ብነግራቸው «ክርስቲያኖቹ አፍረው ነው?» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው? ምንስ ልመልስላቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እውነት ነው። ቁልፉን የሚጠብቀው የጁዴህ ቤተሰብ ነው፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ደግሞ የኑሰይባ ቤተሰብ ነው። ኃላፊነቱ እ.ኤ.አ. በ1187 ኢየሩሳሌምን ከያዘው ከሳላሕ አዲን ዘመን ጀምሮ እንደመጣ ይነገራል፤ ኑሰይባዎች ግን የእኛ ከዚያም ይቀድማል ይላሉ። ቁልፉን ከማኅበረሰቦቹ ለአንዱ መስጠት ሌሎቹን ማስቆጣት ስለሆነ፣ በመካከላቸው ድርሻ የሌለው ሰው እንዲይዘው መደረጉ ለሁሉም ጠቅሟል።

ልጆቹ የጠየቁት ግን ስለ ኀፍረት ነው፤ የእነርሱን ጥያቄ በሰበብ አይሸፍኑባቸው። አዎ፣ ወንድሞች እርስ በርስ መተማመን አቅቷቸው ጎረቤት ቁልፋቸውን ሲይዝላቸው የሚያሳፍር ነገር አለው ይበሏቸው። ጎረቤቱ አደራውን ለዘመናት ሳይበላ መቆየቱ ደግሞ የሚያስመሰግን እንደሆነ በዚያው ይንገሯቸው፤ ሁለቱን አብረው ቢሰሙ ሕፃናት ይረዳሉ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የሚሆነውን በጨዋታ መልክ እንዲያሳዩ ያድርጓቸው። ሌሊት በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ መነኮሳቱም ውስጥ ያድራሉ። ሲነጋ ቁልፉ ይመጣል። ከግሪኮች፣ ከካቶሊኮችና ከአርመኖች መካከል ተራው የደረሰው ከውስጥ ሆኖ በበሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ይከፍትና በእርሷ በኩል መሰላል ያወጣል። ሙስሊሙ በር ከፋች መሰላሉን ተቀብሎ በሩ ላይ ያስደግፈዋል፤ የላይኛው መቆለፊያ ከቁመቱ በላይ ስለሆነ ወጥቶ ይከፍተዋል፤ ወርዶም የታችኛውን ይከፍታል። አንዱ ልጅ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ይቁም፤ መሰላሉን ከውስጥ ያለው ካልሰጠ ከውጭ ያለው አይደርስም፣ ከውጭ ያለው ካልከፈተም ከውስጥ ያለው አይወጣም።